ትልቅ ፋይል እስከ ጫፉ ይፈተሽ

ብዙዎቻችን አንድ ፋይል ኮፒ ተደርጎ ካለቀና ሲከፈት ከሠራ «ደህና ነው» ብለን እናልፋለን። ለትልቅ ፋይል ግን ይህ አያስተማምንም።

ነገሩ ወዲህ ነው። የፋይልን ቦታ በ32 ቢት የሚቆጥሩ የቆዩ ፕሮግራሞች ብዙዎቹ 2 ጊጋባይት ላይ ቁጥር ያልቅባቸዋል። ፋት32 አንድን ፋይል ከ4 ጊጋባይት በላይ አያስተናግድም። በሊኑክስ በኩል ኤክስት3 በ4 ኪሎባይት ብሎክ እስከ 2 ቴራባይት፣ በ2008 እ.ኤ.አ. በከርነል 2.6.28 ለሥራ የበቃው ኤክስት4 ደግሞ እስከ 16 ቴራባይት ይይዛል። እንግዲህ ችግር ቢኖር ከወሰኑ ማዶ ስለሚደበቅ መጀመሪያውን ብቻ ማየት አይበቃም። ሊማሊሞን የወረደ ሰው ይህ ይገባዋል፤ መንገዱ ደባርቅ ላይ ደህና ስለሆነ ድብ ባሕር ድረስ ደህና ነው አይባልም።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አያቴ ከማረፋቸው በፊት ድብ ባሕር ቤታቸው ሆነው ያወጉትን አጎቴ በስልካቸው ቀርጸውት ነበር፤ አንድ ፋይል፣ 11 ጊጋባይት። ወደ እኔ ዲስክ ከገለበጥኩት በኋላ ስልኩ ሞልቶባቸው «አንተ ልጅ፣ ልደምስሰው ወይ?» አሉኝ። «ጋሼ፣ እስከ ነገ ይታገሡኝ» አልኳቸው። ድምፃቸው ያለው እሱ ላይ ብቻ ነዋ!

መጀመሪያ ዲስኩን አንማውንት አድርጌ ኢ2ኤፍኤስሲኬን በ«ኤፍ» እና በ«ኤን» አስኬድኩት። «ኤፍ» ንጹሕ ቢመስልም ፈትሽ፣ «ኤን» ደግሞ ምንም ሳትነካ ተመልከት ማለት ነው። አንድ ብሎክ ለሁለት ፋይል ተሰጥቶ እንደሆነ፣ የነፃ ቦታው ቆጠራ ይገጥም እንደሆነ ያያል። የፋይሉን ይዘት ግን አያነብም። መዝገብ ይዞ ጆንያ እንደሚቆጥር የመጋዘን ሠራተኛ ነው፤ ውስጡ ጤፍ ይሁን ገለባ አይፈታም።

ስለዚህ ዲስኩን መልሼ ማውንት አድርጌ የሁለቱንም ፋይሎች ሻ256 አሰላሁ። ማላቀቁ እዚህም ይጠቅማል፤ አለዚያ ሊኑክስ ከዲስኩ ሳይሆን ራም ላይ ከቀረው ሊያነብልን ይችላል። ሁለቱ ቁጥሮች ከመጀመሪያው ፊደል እስከ መጨረሻው ገጠሙ። ሁለተኛ ቅጂ ሌላ ዲስክ ላይ አስቀምጬ፣ እሱንም በዚያው መንገድ ካረጋገጥኩ በኋላ ነው «ጋሼ፣ አሁን ይደምስሱት» ያልኳቸው።

የመመረቂያ ሥራችሁን ዳታ የያዛችሁ ጓደኞቼም ዋናውን ከማጥፋታችሁ በፊት መዝገቡንም ጆንያውንም ፈትሹ። የአንድ ሰዓት ሥራ ነው፤ የጠፋውን ግን ማንም አይመልሰውም።