ከለገሃር እስከ ካዛንቺስ በእግር

አዲስ አበባ ባሕር ባይኖራትም ወደብ ነበራት። ቆርቆሮው፣ አቡጀዲው፣ ጋዙ፣ መንገደኛው ሁሉ ከጅቡቲ ተጭኖ የሚራገፈው ለገሃር ነበር፤ ቡናውና ቆዳው ደግሞ ከዚያው ይጫናል። የቂርቆስ ክፍለ ከተማን በእግር የሚያስጎበኘን ወጣት ከባቡር ጣቢያው እንነሳ ማለቱ ልክ ነው። ወሩ ጥር፣ ሰዓቱ ጠዋት 2 ሰዓት፤ ብርዱ ገና አልለቀቀም። ከመካከላችን ካዛንቺስ ተወልደው ያደጉ፣ አሁን ዋሽንግተን የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ሁላችንም እትዬ እያልን ነው የምንጠራቸው። አስጎብኛችን የጨርቆስ ልጅ ነው፤ ይህንንም የሚናገረው እንደ ማዕረግ ነው።

ለሐዲዱ ፈቃዱን ከአፄ ምኒልክ የተቀበለው ስዊዘርላንዳዊው አልፍሬድ ኢልግ ነው። ሥራው ከጅቡቲ በ1890 ዓ.ም. ተጀምሮ በ1895 ድሬዳዋ ደረሰ። አዲስ አበባ ለመግባት ግን እስከ 1909 ቆየ። በመሃል ገንዘብ አለቀ፣ የመጀመሪያው ኩባንያ ከሰረ፣ ኃያላኑ ተፋጠጡ፣ ምኒልክም ባቡሩ ከተማቸው ሲገባ ሳያዩ አረፉ። ሐዲዱ በጠቅላላው 784 ኪሎ ሜትር ነው። ፊታችን የቆመው የጣቢያ ሕንፃ እንኳ የተመረቀው ባቡሩ ከገባ ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1922 ነው። ሚያዝያ 1928 የጣልያን ጦር ወደ ከተማዋ ሲቃረብ አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ ጅቡቲ የወረዱት በዚሁ ሐዲድ ነበር። ዛሬ ለገሃር የጅቡቲ ባቡር አይጠበቅባትም። በ2009 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር መነሻው ከከተማው ዳር፣ ለቡ በኩል ሆኗል።

ከጣቢያው ፊት ያለውን አንበሳ ብዙ ሰው ብሔራዊ ቴአትር ደጅ ካለው ጋር ያምታታዋል። የቴአትሩ፣ ያ ማዕዘን ማዕዘን ያለው የድንጋይ አንበሳ፣ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው። የለገሃሩ የጆርጅ ጋርዴ ነው፤ ዘውድ ደፍቶ፣ በወርቅ ቀለም ተለብጦ፣ በ1923ቱ የንግሥ በዓል ዋዜማ ቆመ። ጠጋ ብሎ መቆሚያውን ላየ ሰው የምኒልክ፣ የዘውዲቱ፣ የኃይለ ሥላሴና የራስ መኮንን ምስሎች ተቀርጸውበታል። ጣልያኖች ነቅለው ሮም ወስደው አቁመውት ነበር። ዘርዓይ ደረስ በሮም ጎዳና ያደረገው ተጋድሎ ከዚህ አንበሳ ጋር ተያይዞ ይነገራል። ከነጻነት በኋላ ሐውልቱ ተመለሰ። ደርግም ሊያነሳው አስቦ አርበኞች አስቆሙት ይባላል። ሰው ግን እንደ መብራት እንጨት አልፎት ይሄዳል፤ ታሪኩን የሚነግር አንዲት መስመር ጽሑፍ አጠገቡ ለማግኘት ፈልጌ አጣሁ።

ወደ ስታዲየም ስንቀርብ እትዬ ቆም አሉ። አባታቸው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እዚህ ውስጥ ነበሩ። ግብጽን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ የወሰድንበት ቀን ነው፤ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን የተቀበለው ከንጉሡ እጅ ነው። ከዚያ ወዲህ አልደገምነውም። አስጎብኛችንም በዚህ ላይ ብዙ ሊያወራ አልፈለገም።

መስቀል አደባባይን ቶሎ አለፍነው። ደመራውንም፣ ሰልፉንም፣ ሩጫውንም አንባቢ ያውቀዋል። ለማያውቅ ግን አንድ ምክር፦ ከአደባባዩ አጠገብ ወዳለው የአዲስ አበባ ሙዚየም ይውጣ። የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ የነበረ ቤት ነው፤ ለኤግዚቢሽኑ ግድ ባይኖረው ለሕንፃው ሲል ይግባ።

ከዚያ ዳገቱ ነው። በምኒልክ ጎዳና ሽቅብ ወደ አፍሪካ አዳራሽ። አስጎብኛችን ቀደም ብሎ ስማችንን ስላስመዘገበ መታወቂያ አሳይተን፣ ተፈትሸን ገባን። አዳራሹን የነደፈው ጣልያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ በ1953 ተመርቆ፣ ግንቦት 17 ቀን 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚሁ ነው። በ2017 ሙሉ እድሳቱ አልቆ እንደገና ተከፈተ። እኔ የመጣሁት ግን ለአፈወርቅ ተክሌ መስታወት ነው። 150 ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ባለ ቀለም መስታወት በሦስት ተከፍሎ የአፍሪካን ያለፈውን፣ ትግሏንና መጪዋን ይተርካል። በመጽሐፍ ያየ ሰው አላየውም። ጠዋት ፀሐይ ስትበረታ ቀዩ ወለሉ ላይ ይፈሳል፤ አረንጓዴው ደግሞ እኛው ላይ። እትዬ ነጠላቸውን ዘርግተው ቀለሙ ሲያርፍበት አዩና «ይኸው፣ አዲስ ጥለት» ብለው አሳቁን። አፈወርቅ ይህን ሲሠራ ገና ወጣት ነበር። ለአንድ ወጣት እንዲህ ያለ ሥራ አምኖ መስጠት የዚያን ዘመን ድፍረት ይመስለኛል፤ ዛሬ ቢሆን ጨረታው አሥር ዓመት ይፈጅ ነበር።

ከአዳራሹ ፊት ለፊት የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት አጥር ነው። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ከዚህ ግቢ በትንሽ ቮልስዋገን ተጭነው ወጡ። አስጎብኛችን ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ዝም አለ፤ ደግ አደረገ።

ካዛንቺስ ስንደርስ ነገሩ ተገለበጠ፤ አስጎብኚዋ እትዬ ሆኑ። ሰፈሩ የተቆረቆረው በጣልያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች በተሠሩ ቤቶች ነው። ኋላ ቀበሌ ቤቱ፣ ክትፎ ቤቱ፣ ቡና ቤቱ፣ አዝማሪ ቤቱ ተደራረበበት። የመላኩ በላይ አዝማሪ ቤት፣ ፈንድቃ፣ እዚህ ነበር፤ እስክስታ ለማየት ከአውሮፓ የሚመጣ ሰው አድራሻው ካዛንቺስ ነበር። በ2017 የኮሪደር ልማቱ ሁለተኛ ምዕራፍ ሲጀመር ሰፈሩ በብዛት ፈረሰ፤ ፈንድቃም ከቦታው ተነሳ። አሁን ያለው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ የብስክሌት መስመር፣ መብራትና ሣር ነው።

«የኛ ቤት ከቶታል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው» አሉ እትዬ።

«የቱ ጋ እትዬ? ከስድስተኛ በላይ ነው በታች?»

«በላይ። ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲደረስ በግራ።»

ወፍጮ ቤቱ የለም። ግራው ከየት እንደሚጀመር የሚያውቅ የለም። ወዲያ ሄዱ፣ ወዲህ ተመለሱ፤ በመጨረሻ አንድ የመብራት ምሰሶ አጠገብ ቆመው «እዚህ ይመስለኛል» አሉ። የአዲስ አበባ ሰው አድራሻ የሚሰጠው በቁጥር ሳይሆን በምልክት ነው፤ ከወፍጮ ቤቱ ከፍ ብሎ፣ ከዛፏ ዝቅ ብሎ። ምልክቱ ሲነሳ መንገዱ ቢያምርም አድራሻው አብሮ ይነሳል።

ጥግ ላይ ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አገኘንና አረፍ አልን። «እማማ ይቀመጡ» ብላ ለእትዬ ዱካውን አቀረበች፤ ስኒው ላይ ጤና አዳም ጣል አደረገችበት። የካዛንቺስ ልጅ ናት። አሁን ቤታቸው ገላን ጉራ ነው፤ እዚህ ለመድረስ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ትነሳለች። ቤቱስ ጥሩ ነው ወይ ስላት፣ ሽንት ቤቱ የራሳቸው እንደሆነ፣ እናቷ በዚህ ደስ እንዳላት፣ ደንበኛ ግን እዚያ እንደሌላት ነገረችን። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ነው ያለችው። በፊት ስድስት ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ ይጠቀም እንደነበር እትዬም አልካዱም። ለናፍቆት ብሎ ያን ኑሮ የሚያሞካሽ ሰው እዚያ ያልኖረ ነው። ግን መንገዱ እንዲህ ከተሠራ በኋላ እዚህ ማን ይኖር እንደነበር መጻፍ ምን ያስወጣል?

ጉብኝቱ 9 ሰዓት ላይ ባምቢስ አካባቢ አለቀ። ለመሄድ ላሰበ፦ ዳገት የሚችል ጫማ፣ ውኃ፣ ለአፍሪካ አዳራሽ መታወቂያ ይያዝ። አሁን መንገዱ ለእግረኛ ይመቻል፤ ይህን ያህል ርቀት ጉድጓድ ሳይዘሉ መሄድ በዚህ ከተማ ያልተለመደ ነገር ነው። ከተማ አስተዳደሩ ግን በዚያ ሁሉ የመብራት ምሰሶ ላይ አንዳንድ ሰሌዳ ይስቀልልን፦ እዚህ ፈንድቃ ነበር፣ እዚህ ወፍጮ ቤቱ ነበር፣ ይህ አንበሳ ሮም ደርሶ የተመለሰ ነው። ሰሌዳው እስኪሰቀል ግን አንባቢ ሆይ፣ ካዛንቺስ ያደገ ዘመድ ካለህ በዚህ ሳምንት ይዘኸው ውጣና ቤታቸው የቱ ጋ እንደነበር ጠይቀው፤ የነገረህንም ጻፈው።