ልብወለዳችን «ኦሮማይ» አልሆነም

በመኝታ ክፍላችን ስለ ልብወለድ በተነሣ ቁጥር አንድ የማይቀር ፍርድ አለ፤ «ከበዓሉ ወዲህ ደግሞ ምን ተጻፈና!» ይባላል። እኛም በዓሉ ግርማን እንወዳለን። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ከገበያ መለቀሙን፣ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ መቅረቱን የማያውቅ አንባቢ የለም። ዳሩ ግን የመጽሐፉን ርእስ፣ «አበቃ፣ አለቀ» ማለት ነውና፣ በልብወለዳችን ላይ መለጠፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። እስቲ ከወደድናቸው ሁለቱን እንጠቁም።

አንደኛው በ1997 ዓ.ም. የታተመው የአዳም ረታ «ግራጫ ቃጭሎች» ነው። እውነቱን እንነጋገርና፣ ቶሎ ቶሎ ለሚያነብ ሰው ያስቸግራል። የመዝገቡ ታሪክ እንደ አስፋልት ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ትዝታ ያስቆመዋል፣ ሽታ ያስቆመዋል። አዳም ይህን መሰሉን አጻጻፍ «ሕጽናዊነት» ይለዋል፤ ምሳሌውም እንጀራ ነው። የእንጀራ ዓይን ለየብቻው ነው፤ ግን ሁሉም በአንድ ምጣድ ላይ ተያይዞ ይበስላል። ስለዚህ ወዳጄ፣ በቀን አሥር ገጽ ይበቃሃል። ለፈተና እንደሚያጠና ሰው አትሩጥበት።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውና በዓመቱ ለቡከር ሽልማት ከመጨረሻዎቹ ስድስት እጩዎች አንዱ የሆነው የማዛ መንግሥቴ «ዘ ሻዶው ኪንግ» ነው። «በእንግሊዝኛ የተጻፈ ምኑ የኛ ነው?» የሚል ጓደኛ አለን። እንዴ! ሂሩት የምትባል ወላጅ አልባ የቤት ሠራተኛ አለች፤ አባቷ የተወላት አንድ አሮጌ ውጅግራ ነው። ጣሊያን ሲመጣ ጌታዋ ኪዳኔ ለዘመቻው ብሎ ጠመንጃውን ይወስድባታል። ጦርነቱ ለሷ የሚጀምረው እዚያው ቤት ውስጥ ነው ማለት ነው። በኋላ ንጉሡ ሲሰደዱ፣ መልኩ እሳቸውን የሚመስል ምንም የተባለ ድሀ ገበሬ የንጉሥ ልብስ ለብሶ ለአርበኛው ይታያል፤ ጠባቂው ደግሞ ያቺው ሂሩት ትሆናለች። ስለ አርበኞች ስናወራ ውሃ የቀዳችውን፣ ቁስለኛ የተሸከመችውን፣ የተኮሰችውንም ሴት ስንቴ አነሣን? ይህ ጥያቄ የኛ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?

መጽሐፍ ተወዷል፤ እናውቃለን። ሦስት አራት ሆኖ አንድ መግዛት ግን ያስኬዳል፤ ክርክሩም አብሮ ይገኛል። ካነበባችሁ በኋላ «አልጣመንም» ብትሉ መብታችሁ ነው፤ ለምን እንዳልጣማችሁ ጻፉልን። ሳያነቡ «አልቋል» ማለት ግን ይብቃ።