ጨርቁን ማን ገዛው?

የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የተማሪ ዩኒፎርም ማንም አላዘዘውም፤ ማንም አልለካውም፤ ደረሰኝም አልተቆረጠለትም። የበግ ቆዳ ነበር። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ትከሻው ላይ ጣል፣ አኩፋዳውን በብብቱ ሸጎጥ፣ የውሻ መከላከያ ዱላውን ያዝ አድርጎ ደጅ ሲቆም፣ የቤቲቱ እመቤት ማንነቱን ለማወቅ መታወቂያ አትጠይቅም። ከጎጃም ይምጣ ከሸዋ፣ የባላባት ልጅ ይሁን የጭሰኛ፣ ደበሎው እኩል ያደርገዋል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ ስብሰባ ስለ ዩኒፎርም ጥቅም የሚነገረው ሁሉ፣ «የሀብታምና የድሃ ልጅ ልዩነት እንዳይታይ» የሚለው ጭምር፣ ያኔውኑ ተሟልቶ ነበር።

ያልተሟላው ወላጅ ነው።

ብዙው የቆሎ ተማሪ ከወላጁ ጠፍቶ የሄደ ነው። አባት ለእርሻ ሲፈልገው ልጁ ገና ሳይነጋ ወንዝ ተሻግሯል። ከዚያ በኋላ የሚያበላው የማያውቀው መንደር፣ የሚገሥጸው የኔታ ነው። ስለ ልጁ ጠባይ ሊወያይ የሚጠራ አባት የለም፤ ቢጠራም የሚደርሰው ልጁ ቅኔ ተቀኝቶ ከጨረሰ በኋላ ይሆናል። ነገሩን ከዚህ ሥሩ ይዞ ወደ ዛሬዋ የአዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ ለሚመጣ ሰው አንድ ነገር ደጋግሞ ይታየዋል። ልጁን ማን እንዳለበሰው ከታወቀ፣ በትምህርት ቤቱ ጉዳይ አፉን የሚከፍተው ማን እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ወላጅ መጀመሪያ የተጠራው በማስፈራሪያ ነው። የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በተከፈተበት በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ አዋጅ፣ ስድስት ዓመት የሞላቸው ወንዶችም ሴቶችም ልጆች ይማሩ ይልና ልጁን ለማስተማር ለሚሰንፍ ወላጅ ቅጣት ያስቀምጣል፤ ወላጁ ሲሞት ንብረቱ ለልጆቹ መተላለፉ ቀርቶ ለመንግሥት ይሆናል። ቅጣቱ ብልጠት አለው። አባትየው በሕይወቱ ሳለ ጤፍ አይጎድልበትም። ማታ ማታ «ትምህርት ቤት ላከኝ» እያለ የሚነዘንዘው ራሱ ወራሹ እንዲሆን የታሰበ ይመስላል። አዋጁን ተከትሎ የተወረሰ ርስት ስለመኖሩ ብዙም ሲወራ አይሰማም፤ ካህናቱ ግን የፈረንጅ አስተማሪ ሃይማኖት ያስለውጣል ብለው ስለሰጉ፣ መምህራኑ ከግብፅ ኮፕቶች መካከል እንዲመጡ ተደረገ። በዘመናዊ ትምህርት ታሪካችን ውስጥ ማኅበረሰቡ ተደማጭ የሆነበት የመጀመሪያው ጉዳይ ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

በ1917 ዓ.ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከጣሊያን መውጣት በኋላ ደግሞ እነ ተግባረ ዕድና የንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ዛሬ የልደታ ክፍለ ከተማ በሚባለው ግዛት፣ በሜክሲኮና በሰንጋ ተራ በኩል ቆሙ። ዘመኑ የአዳሪ ተማሪ ዘመን ነበር፤ የሚያበላውም የሚያለብሰውም መንግሥት። አፄ ኃይለ ሥላሴ የትምህርት ሚኒስትርነቱን ሥልጣን ለብዙ ዓመታት በገዛ እጃቸው ይዘው፣ ተማሪ ቤቶችን እየዞሩ ይጎበኙ ነበር። ለገና የሚታደለውን ሹራብ የአዲስ አበባ አዛውንት እስከ ዛሬ ያነሡታል። በዚህ አሠራር ወላጅ ሊሆን የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም በመኪና መጥተው ይሄዳሉ። የወለደው አባት ድርሻ በሌላ በኩል ተቆርጦለታል። በ1940 ዓ.ም. በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጣለ፤ ባላገሩ ከፈለ፤ ትምህርት ቤቱ ግን በብዛት የተሠራው ከተማ ነው።

ችሮታና ዩኒፎርም አብረው መሄዳቸው የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የዚህ ልማድ መነሻ ተብሎ የሚጠቀሰው እ.ኤ.አ. በ1552 ለንደን ውስጥ ለወላጅ አልባና ለድሃ ልጆች የተቋቋመው ክራይስትስ ሆስፒታል የሚባል ትምህርት ቤት ነው። ልጆቹ ረጅም ሰማያዊ ካፖርትና ቢጫ ካልሲ ለበሱ፤ ሰማያዊው የተመረጠው ማቅለሚያው ርካሽ ስለነበረ ነው ይባላል። የባለጸጋ ልጆች ትምህርት ቤቶች ዩኒፎርምን የክብር ምልክት ያደረጉት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ ግን ልብሱ የሚናገረው ሌላ ነው፦ «ይህ ልጅ የሚያለብሰው ሰው አግኝቷል፤ ስታዩት ለጋሹን መርቁ።»

እዚህ አገር ወላጅ ሳይጠራ የመጣበት አንድ ጊዜ አለ። ሴክተር ሪቪው የተባለው የትምህርት ማሻሻያ ጥናት፣ ብዙውን ልጅ በአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት ሸኝቶ ወደ ላይ የሚያልፈውን ለማጥበብ ያስባል ተብሎ ሲወራ፣ የአዲስ አበባ ወላጅ የገባው በአጭሩ ነው፤ «የእኔ ልጅ ከአራተኛ ክፍል ተመልሶ ገበሬ፣ የእነሱ ልጅ ሚኒስትር።» የካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም. መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የቤንዚን ዋጋ ያንገፈገፋቸው ባለታክሲዎችም በዚያው ቀን መኪናቸውን አቆሙ። ዕቅዱ ወዲያው ታገደ፤ ወሩ ሳያልቅ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ። ወላጅ በትምህርት ጉዳይ ያን ያህል ተሳትፎ አያውቅም፤ ከዚያ ወዲህም እንዲያ እንዲሳተፍ አጥብቆ የለመነው መንግሥት የለም።

ከዓመት ያነሰ ጊዜ ቆይቶ፣ በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም.፣ 60 ሺህ ያህል ተማሪዎችና መምህራን ካኪ ለብሰው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ወጡ። ጨርቁ የመንግሥት ነው፤ የወላጅ ተሳትፎ ስንቅ መቋጠርና ማልቀስ ሆነ። ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን ወርሶ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ላይ በአዋጅ ቁጥር 103 ትምህርት ቤቶችን ሕዝቡ ያስተዳድራቸው አለ። ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ቀበሌ ገባበት። ከኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ይበልጥ በወላጅ ትዝታ ውስጥ የቀረው ግን፣ ካኪውን መንግሥት ለዘማቹ እንጂ ለሰፈሩ ተማሪ አለመስጠቱ ነው። ትምህርት ቤቱ ቀለም ይመርጣል፤ ወላጅ ይገዛል።

ይህ «ወላጅ ይገዛል» የሚሉት ሥርዓት ረጅም ዕድሜ ነበረው፤ የራሱንም ባህል ወለደ። ጳጉሜ ስትገባ ከአብነት እስከ ጦር ኃይሎች የልብስ ሰፊዎች በራፍ ሰልፍ ይሆናል። ልጅ ተጎትቶ ይመጣል፤ ሜትሩ ይዘረጋል፤ እናት ከልብስ ሰፊው ጋር ልጁን እንደሌለ ቆጥረው ይነጋገራሉ።

«በልኩ ይሁን ወይስ ሰፋ ይበል፣ እትዬ?»

«ሰፋ አድርግልኝ እንጂ። እጅጌውን አስረዝመህ እጠፍልኝ። ለሁለት ዓመት ነው የምፈልገው።»

በዚህ ውል መሠረት ልጁ ሰባተኛ ክፍልን ዩኒፎርሙ ውስጥ ጠፍቶ ይጀምራል፤ ስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲፈተን ቁርጭምጭሚቱ ውጭ ነው። በልኩ የሚሆንለት መሃል ላይ ላለች ጥቂት ጊዜ ነው፤ እሷም ከግማሽ ዓመት ፈተና ጋር ትገጥማለች። ከዚያ ሱሪው ለታናሽ ይተላለፋል፤ ሹራቡ ለታናሽ ታናሽ። ሦስተኛው ልጅ አዲስ ነገር የሚያገኘው ካልሲ ብቻ የሆነበት ቤት ጥቂት አልነበረም።

ስለዚህም ነው በወላጆች ስብሰባ ላይ የመማር ማስተማር ሪፖርት ሲነበብ ያንቀላፋው አዳራሽ «የዩኒፎርም ቀለም ይቀየር» የሚል ሐሳብ ሲነሣ በአንድ ጊዜ ይነቃ የነበረው። ርእሰ መምህሩ የሚያዩት ቀለም ነው። እናቶቹ የሚያዩት ሣጥን ውስጥ ተጣጥፈው ተራቸውን የሚጠብቁ ሁለት ሱሪዎችና አንድ ጉርድ ቀሚስ ነው። ወይን ጠጁ ወደ አረንጓዴ በተቀየረ ቀን የሦስት ዓመት ቁጠባ ሰልባጅ ይሆናል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በመንግሥት ትምህርት ቤት እስከ አሥረኛ ክፍል በነጻ ይማሩ ብሎ ነበር፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የሕዝብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያም ለወላጅና መምህር ኅብረት በትምህርት ቤቱ አስተዳደር ውስጥ ወንበር ሰጠው። ኋላ ተማሪም ተጨምሮበት የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) ሆነ። የዕቅድ ማጽደቅና የበጀት ክትትል ሥልጣን በወረቀት ላይ አለው። አብዛኛው ወላጅ ግን ወተመህን የሚያውቀው በመዋጮ ነው፤ አጥር፣ ወንበር፣ የጥበቃ ደመወዝ። መዋጮና ዩኒፎርም፣ ሁለቱም ከኪሱ የሚወጡ ናቸውና፣ በሁለቱ ላይ ሲናገር ድምፁ አይርገበገብም ነበር።

ከመዋጮ ሌላ የነበረው ግንኙነት «ወላጅ አምጣ» ነው።

ጧት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ሰልፍ ሲበተን ዩኒት ሊደሩ በሩ ላይ ይቆማል። ሱሪውን በመርፌ ያጠበበ፣ ሸሚዙን ያላስገባ፣ ከሹራቡ በላይ ጃኬት የደረበ ይለቀማል። ጃኬቱ ለብርድ አይደለም፤ ለፎርፌ ነው። ዩኒፎርም በሰፈር ውስጥ የትምህርት ቤቱ ዓይን ነውና፣ ከክፍል ጠፍቶ ጆተኒ ወይም ፑል ቤት የሚገባ ልጅ ቀለሙን ካልሸፈነ ያየው ጎረቤት ሁሉ ለእናቱ ይናገርበታል። የተያዘው ልጅ ወላጅ እንዲያመጣ ይታዘዛል። እዚህ ላይ የአዲስ አበባ ተማሪ ትውልዶች ሲቀባበሉት የኖሩት ጥበብ ይመጣል፤ በደጁ ከሚቸረችሩት መካከል ወላጅ መከራየት።

«ጋሼ፣ አጎቴ ነኝ ይበሉልኝ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

ጋሼው ዕቃውን ለጓደኛ አስጠብቆ፣ ኮቱን አራግፎ ይገባል። ሥራው ቀላል ነው፤ አንገት መነቅነቅ፣ «ቤት ስንሄድ አሳየዋለሁ» ማለት። የሚከፋው ጋሼው ድርሻውን ከልቡ ይዞት፣ የማያውቀውን ልጅ ዩኒት ሊደሩ ፊት በጥፊ ሲለው ነው፤ ልጁ ከፍሎ ተመታ ማለት ነው። አንዳንድ ጎረምሳ ሲያድግ ሰውየው ከእውነተኛው አባቱ ይልቅ ትምህርት ቤቱን ደጋግሞ እንደረገጠ ሲያወራ ይስቃል። ሳቁ ሲበርድ ግን ጥያቄው ይቀራል፤ ዩኒት ሊደሩ አያውቅም ነበር? ሳያውቅ አይቀርም። የቅጹ ክፍት ቦታ መሙላት አለበት፤ «ወላጅ ቀርቧል።»

በግል ትምህርት ቤት ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ ወላጅ አይከራይም፤ ራሱ ከፋይ ነውና ሳይጠራም ይመጣል። ዩኒፎርሙ አርማ ተጠልፎበት ከአንድ ቦታ ብቻ ይሸጣል፤ የስፖርት ቱታው ለብቻ፣ ሹራቡ ለብቻ። መርካቶ ወርዳ ያንኑ ጨርቅ በግማሽ ዋጋ ያሰፋች እናት አርማውን የት ታምጣ? የክፍያ ጭማሪ ውይይት በተጠራ ቀን አዳራሹ ጢም ይላል፤ ዘግይቶ የደረሰ ቆሞ ይውላል። የልጆቹ የንባብ ውጤት ቢጠራ ግን ከመጡት የሚበዙት ወንበሮች ናቸው።

ከዚያ 2012 ዓ.ም. መጣ። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር፣ ታከለ ኡማ ምክትል ከንቲባ በነበሩበት ጊዜ፣ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚማሩ 600 ሺህ ገደማ ተማሪዎች ዩኒፎርምና ደብተር በነጻ አቀረበ፤ የትምህርት ቤት ምገባውም በዚያው ዘመን ሰፋ። በልደታ ለምትኖር እናት ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። የክፍለ ከተማው አሮጌ ሰፈሮች በከፊል ፈርሰው የልደታ ኮንዶሚኒየም የቆመው ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ነው፤ ነባሩ ነዋሪ ከፊሉ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል፤ የቀረው የጳጉሜን ወጪ ከቤት ኪራይ ጋር ያሰላል። ከዕድር ወይም ከዕቁብ ተበድራ ጨርቅ ትገዛ የነበረች እናት፣ ልጇ አዲስ ልብስ ለብሶ ደብተር ታቅፎ ሲመጣ መረቀች። ምርቃቱ ይገባል። ከነጻ ትምህርት ውስጥ ነጻ ያልነበረው ትልቁ ነገር እሱ ነበርና።

ልኬቱ ግን የራሱ ጣጣ አለው። ጨርቁ በብዛት የሚሰፋው በመለኪያ ቁጥር ነው፤ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጅ ደግሞ ቁጥር አይጠብቅም። በሰኔ የተገመተው ልጅ ክረምቱን በቆሎ ሲበላ ከርሞ በመስከረም ሌላ ሰው ሆኖ ይመጣል። እናም ያ ልብስ ሰፊ ሥራ አልፈታም፤ ያጠባል፣ ያሳጥራል፣ ጫፉን ፈትቶ ያስረዝማል። የተለወጠው ስብሰባው ነው። ስለ ቀለም የሚሟገት ወላጅ የለም፤ የራሱ ገንዘብ አይደለማ። «ጨርቁ ቶሎ ይሳሳል» ለማለት የሚከጅል እንኳ «የተሰጠን ነገር» ብሎ ይተወዋል። ከወጪው ጋር፣ ብዙዎች ሳያስተውሉት፣ እጅ አውጥቶ የመናገሪያው ትልቁ ምክንያት አብሮ ሄደ።

ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍልም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በንጉሡና በደርግ ዘመን መለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ነበሩ፤ የ1986ቱ ፖሊሲ ከአንደኛ ደረጃ ጋር ቀላቀላቸው፤ በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ደግሞ መካከለኛ ደረጃ ብሎ እንደገና ለያቸው። በዚህ ዕድሜ ልጅ እናቱ በር ድረስ ስትሸኘው ያፍራል፤ ወላጅ በብዛት የሚርቀውም ልክ በዚሁ ጊዜ ነው። ወተመህ ውስጥ የሚቀሩት ጥቂት ወላጆች ስብሰባ የሚወዱ፣ ወይም ጡረታ የወጡ፣ ወይም እምቢ ማለት የማይችሉ ናቸው። ክፋት የለባቸውም፤ ሰፈሩ ያለ እነሱ ቃለ ጉባኤ ላይ የሚፈርም አያገኝም።

ለዓመታት ጥሪ ሲደረግለት ያልመጣው የወላጅ ተሳትፎ የገባው ባልታሰበ በር ነው፤ በወጥ ቤቱ። ምገባው ምግብ አብሳይ እናቶችን ይፈልጋል፤ ከተቀጠሩት ብዙዎቹ የዚያው ሰፈር ሴቶች ናቸው። ንጋት ላይ ይገባሉ፤ ሽርጥ ታጥቀው፣ ጸጉራቸውን በቆብ ሸፍነው፣ አንድ ዓይነት ለብሰው ቁርስ ያድላሉ። የትኛው ልጅ እንደሚቸኩል፣ የትኛው ከሰኞ እስከ ረቡዕ እንዳልመጣ፣ የትኛው ዳቦውን ለታናሹ ኪሱ እንደሚከት ከመዝገብ ቤቱ ቀድመው ያውቃሉ። በስብሰባ ግን አይቀመጡም፤ ስብሰባው በሚጠራበት ሰዓት ምሳ እየሠሩ ነው።