ዘርን ለነገ ስለ ማኖር

የቦረና ገበሬ እህሉን ወቅቶ ባስገባ ጊዜ የዘሩን ለይቶ ያኖራል። ክረምት ከብዶ ቤተ ሰቡ ቢቸገር እንኳ ያን ጎታ ከመክፈት ከጎረቤት መበደርን ይመርጣል። ዘሩን የበላ ሰው ዝናብ በመጣ ጊዜ የሚዘራው ያጣልና። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ እህል ሳይሆን ስለ ሰው ዘር ነው፤ በዚህም ነገር እኔ ራሴ በድያለሁ።

በመካነ ሰላም ሳስተምር ከተማሪዎቼ አንዱ ገና በስምንት ዓመቱ በአንገቱ ላይ ዕብጠት ወጣበት፤ ካንሰር ነው ተባለ። አባቱ በሬዎቹን ሸጦ አዲስ አበባ ወሰደው፤ ልጁም በብርቱ መድኃኒት ዳነ። እኛም ደስ ብሎን እልል አልን። ከዚያ መድኃኒት በኋላ ምን እንደሚቀር የጠየቀ ግን ከመካከላችን አልነበረም።

አድጎ አገባ፤ በአምስት ዓመትም ልጅ አልተገኘም። እኔ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበርሁ። «ዘሩ ምን ይጐድለዋል? መሬቲቱ ናት እንጂ» ብዬ ፈረድሁ። ሴቲቱም ወደ ወላጆቿ ተመለሰች። ሳይንት ሌላ ባል አግብታ ሁለት ልጆች ወለደች። እርሱም ዘግይቶ ቢመረመር ከዘሩ ምንም አልተገኘበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የካንሰር መድኃኒት ፈጥኖ የሚባዛውን ሕዋስ ሲገድል፥ አንዳንዱ ዓይነት የዘር ምንጭ የሆኑትን ሕዋሳት አብሮ ያጠፋል፤ ጨረርም እንዲሁ። ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ አስቀድሞ ዘሩን ሰጥቶ በቅዝቃዜ ሊያስቀምጥ ይችላል። ሕፃን ግን ገና ዘር የለውም፤ ያለው ምንጩ ብቻ ነው። ስለዚህ ሊቃውንቱ፥ ጨዋ አንባቢ ይቅር ይበለኝና፥ ከቆለጡ ጥቂት ሥጋ ቆርጠው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚደርስ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ማኖርን አሰቡ። የብራስልስ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይኸን ሥራ በ2002 እ.ኤ.አ. ጀመረ።

በአሜሪካ ደግሞ ተመራማሪዎች ከጦጣ ግልገሎች እንዲህ ያለውን ሥጋ ወስደው አቀዘቀዙት፤ ኋላም በዚያው ጦጣ ጀርባና በቆለጡ ከረጢት ቆዳ ሥር መልሰው ተከሉት። ሥጋው አድጎ ዘር ሰጠ፤ በ2018 እ.ኤ.አ.ም ከዚያ ዘር ግሬዲ የተባለች ጤነኛ ጦጣ ተወለደች። ብራስልስ በ2025 እ.ኤ.አ. በልጅነቱ የተቀመጠለትን ሥጋ ለባለቤቱ መልሶ ተከለ። ለሰው ግን ነገሩ ገና ሙከራ ነው፤ በተለይ በደም ካንሰር ለታመመ ልጅ፥ ከሥጋው ጋራ በሽታው ተመልሶ እንዳይገባ ያስፈራል።

በአገራችንም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2011 ዓ.ም. ከማሕፀን ውጭ የማስፀነስ ሕክምና ጀምሯል። ዘሩን ማቆየት ለቆላና ለደጋ ልጆቻችን ሩቅ ቢመስልም፥ ጥያቄው ሩቅ አይደለም፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ልጁ መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት «ይህ ዘሩን ይነካልን? ምን ማድረግ ይቻላል?» ብሎ ሐኪሙን መጠየቅ ነው። ከዳነ በኋላ መጠየቅ ዝናብ ከመጣ በኋላ ዘር መፈለግ ነው።

የከተማችን ስም በግዕዝ የሰላም ቦታ ማለት ነው። በአማርኛ «መካን» ስንል ግን ስድብ እናደርገዋለን፤ ስድቡንም ሳንመረምር በሴት ላይ እንጥለዋለን።

ባለፈው ዓመት ይቅርታ ልጠይቃት ሳይንት ወረድሁ። ቡና አፈላችልኝ። ነገሬን ሰምታ ጥቂት ዝም አለችና፥ «ጋሼ፥ ያን ጊዜ እርስዎ የተማሩ ነበሩ። ‹ሁለቱም ይመርመሩ› ብለው ቢሆን ይበቃኝ ነበር» አለችኝ።

እንግዲህ ወንድሞቼ፥ ለሽምግልና ስትቀመጡ ይኸን ቃሏን አስቡት።