የጨለለቃ ዳክዬ በካሊፎርኒያ የጨው ኩሬ

ካስትሮ ቫሊን የማታውቁ አንባቢያን ብትኖሩ፣ ከኦክላንድ በስተደቡብ ምሥራቅ፣ 580 የተባለው አውራ ጎዳና ኮረብታውን መውጣት ሲጀምር የምትገኝ ሰፈር ናት። ሰፈር ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከ60 ሺህ በላይ ሕዝብ ይዛ ከንቲባም የከተማ ምክር ቤትም የላትም፤ የምትተዳደረው በቀጥታ በአላሜዳ አውራጃ ነው። ስሟን የሰማ የአገራችን ሰው ሁሉ የኩባውን ካስትሮ ያነሣብኛል። እሱ አይደለም። ካሊፎርኒያ የሜክሲኮ በነበረችበት ዘመን ይህን ሁሉ ኮረብታና ሜዳ ለከብቱ ማሰማሪያ የያዘ ጊየርሞ ካስትሮ የሚባል ሰው ነበር፤ ስሙ የቀረው የእሱ ነው። ከእሱ በኋላ ደግሞ አካባቢው በዶሮ እርባታ የታወቀ ነበር ይባላል። ዛሬ ዶሮ ፈልጎ የመጣ ሰው የሚያገኘው ሱፐርማርኬት ውስጥ ነው።

ከቤቴ ወደ ምዕራብ ሃያ ደቂቃ ብነዳ ባሕረ ሰላጤው ዳር እደርሳለሁ። የሳን ማቴዎ ድልድይ ከሚጀምርበት በስተደቡብ፣ በሔይዋርድ ዳርቻ፣ ኤደን ላንዲንግ የሚባል በካሊፎርኒያ መንግሥት የተከለለ ረግረግ አለ። ኤደን ሲባል አራቱ ወንዞችና የሕይወት ዛፍ ለሚታየው አንባቢ አዝናለሁ፤ ዛፍ የሚባል ነገር የለበትም። ጭቃ፣ ጨው፣ ንፋስ፣ ከበላዩም የኤሌክትሪክ ምሰሶ ነው። ድሮ ገበሬዎች እህላቸውን በጀልባ ወደ ሳን ፍራንሲስኮ ይጭኑበት ነበር። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ባሕሩን በአፈር ግድብ እየከለሉ ውኃውን ለፀሐይ እያሰጡ ጨው ሲያመርቱበት ኖሩ። የአንዱ አሮጌ ጨው ፋብሪካ የእንጨት ምሰሶዎች በጨው ተለብጠው እስከ ዛሬ ቆመዋል። የአሞሌ አገር ሰው ስለሆንኩ ይመስለኛል፣ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ቆም ብዬ አያቸዋለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2003 መንግሥት በባሕረ ሰላጤው ዙሪያ 16,500 ኤከር የጨው ኩሬ ካርጊል ከተባለው ኩባንያ በ100 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ከዚያ ወዲህ ግድቡን በየቦታው እየናዱ ባሕሩን ወደ ጥንት ቦታው እየመለሱት ነው። ውኃው ሲመለስ ወፉም ይበዛል። ጥቅምት ሲጠባ ከአላስካና ከካናዳ የተነሣ ዳክዬ በባሕረ ሰላጤው ላይ ደመና ሆኖ ይወርዳል። በዓመት ውስጥ በተወሰኑ ጥቂት ቀናት ደግሞ ለአዳኝ ይከፈታል። እኔም ከአዳኞቹ አንዱ ነኝ።

ይህን ስናገር የሚስቅ ወዳጅ አላጣም። «አንተ ሰው፣ ዳክዬ ምን አደረገህ?» ይሉኛል። እውነትም በእኛ ዘንድ ዳክዬም ይብራም አይበላም። ጣቱ በቆዳ የተያያዘ ወፍ ክርስቲያን አፍ አይገባም ተብሎ ነው ያደግነው። ይህን ከማንም በላይ የሚያውቁት ደግሞ አደን ያስተማሩኝ አባቴ ነበሩ።

አባባ በደብረ ዘይት አየር ኃይል መካኒክ ነበሩ። ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ ነበራቸው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ሞጆ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ባለው ማሳ ጅግራና ቆቅ ያድኑ ነበር። የእኔ ሥራ መሮጥ ነው። ወፉ ወድቆ ነፍሱ ሳትወጣ ይዤ ማድረስ ነበረብኝ፤ አባባ «በስመ አብ» ብለው አንገቱን ካልባረኩት ጥንብ ነው፣ እናቴም ድስት አታስነካውም። በእሾህ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደ ወደቅሁ እግሬ ላይ ያለው ጠባሳ ይቁጠረው። እዚህ አገር ይህን የእኔን የልጅነት ሥራ የሚሠራው ውሻ ነው፤ ያውም ደስ እያለው።

ስንመለስ በጨለለቃ ሐይቅ ዳር እናልፋለን። ውኃው በዳክዬ ተሸፍኖ ሳለ አባባ አንድም ቀን ጠመንጃቸውን ወደዚያ አዙረው አያውቁም። «ማን ይበላዋል?» ነበር መልሳቸው። ለእሳቸው የማይበላ ነገር መግደል አደን አልነበረም። በ1969 ዓ.ም. በአሰሳው ወቅት ጠመንጃው ከቤታችን ወጣ፤ አልተመለሰም። እኔም ብዙ ሳልቆይ በሱዳን በኩል ወጣሁ።

በስደት ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ የመጀመሪያውን ጠመንጃዬን ስገዛ ሻጩ ዘመናዊውን ሊያሳየኝ ብዙ ደከመ። እኔ የመረጥኩት ሁለት አፈሙዙ ጎን ለጎን የሆነውን ነው። የአባባ ጠመንጃ ተርፎ ቢሆን እንኳ እዚህ አይተኮስበትም ነበር። የውኃ ወፍ በእርሳስ ጥይት ማደን እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ በመላው አሜሪካ ተከልክሏል፤ ዳክዬው ከጭቃው የለቀመው እርሳስ እየመረዘ ይገድለው ነበርና። በምትኩ የተተካው ብረት ደግሞ የድሮ አፈሙዝ ያበላሻል። ሕጉ በዚህ አያበቃም። ኮርስ አለ፣ ፈቃድ አለ፣ እ.ኤ.አ. ከ1934 ጀምሮ የሚሸጥ፣ ዛሬ 25 ዶላር የሆነ የዳክዬ ቴምብር አለ፤ ገንዘቡ ከሞላ ጎደል በሙሉ ለወፎቹ ማረፊያ መሬት ይውላል። ጠመንጃው ከሦስት ጥይት በላይ መጉረስ የለበትም። መተኮስ የሚቻለው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ነው። የቀን ድርሻው ሰባት ዳክዬ ነው። እንዲህ ያለ ሕግ የሚያከብር ሕዝብ ሳይ እቀናለሁ፤ የአገራችንን ዱርና አውሬ አስቤ።

አባባ በ2005 ዓ.ም. ሊጠይቁኝ መጥተው ነበር። አምስት ወር ቆዩ። ካስትሮ ቫሊ አልተስማማቸውም፤ «ሰዉ የት ሄደ?» ይሉኛል በመስኮት እያዩ። አንድ ቀን ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ቀስቅሻቸው፣ በሁለት ካፖርትና በጋቢ ጠቅልዬ ወደ ኤደን ላንዲንግ ወሰድኳቸው። ግድቡ ላይ ታጣፊ ወንበር ዘርግቼ አስቀመጥኳቸው። ሲነጋ አንድ ሰፊ አፍ ያለው፣ አንገቱ አረንጓዴ፣ ሆዱ ቡናማ ዳክዬ ከፊታችን አረፈ። እዚህ ሾቨለር ይሉታል፤ አፉ አካፋ ስለሚመስል ነው። አባባ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «ይሄ የጨለለቃው አይደለም እንዴ!»

አልተሳሳቱም። የአንድ ዓይነት ዘር ነው። ከአውሮፓና ከእስያ ሰሜን የሚነሣው ክረምቱን ሸሽቶ ወደ ጣና፣ ወደ ዝዋይ፣ ወደ ደብረ ዘይት ሐይቆች ይወርዳል፤ ከአላስካ የሚነሣው ወደ እኛ ወደ ሔይዋርድ። ጅራተ ረጅሙ ፒንቴይልም እንዲሁ ሁለቱን አገር ይከርምበታል። ይህን ስነግራቸው አባባ ትንሽ አሰቡና፣ «እሱስ ይመለሳል» አሉ። ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም ዝም አልኩ። በዚያን ቀን የመታሁትን ሁለት ዳክዬ ለአደን ጓደኛዬ ስሰጥ ግን ዝም አላሉም፤ «ልፋትህ ለሰው ከሆነ ደህና ነው» ብለው ባረኩኝ። ጓደኛዬ ፊሊፒንስ ተወልዶ እዚህ በፖስታ አዳይነት ጡረታ የወጣ ሰው ነው፤ ሚስቱ በሆምጣጤ፣ በአኩሪ አተር ስጎና በነጭ ሽንኩርት አድርጋ አዶቦ የሚሉትን ወጣቸውን ትሠራዋለች። መዓዛውን መስክሬያለሁ። ጣዕሙን አትጠይቁኝ።

አባባ ተመለሱ። «አጥንቴ እዚህ አይቀርም» ያለን አዛውንት ማስቀረት የሚችል ካለ ይንገረኝ።

ኅዳር 2015 ዓ.ም. ላይ፣ አንድ ሌሊት ለአደን ተነሥቼ፣ ጫማዬን አስሬ፣ ቡና እየቀዳሁ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ሰዓቱ ገና ዐሥር ተኩል ነው። በሩን ከፍቼ ሦስት ወዳጆቼን፣ አንደኛውን ከሳን ሆሴ ድረስ ነድቶ የመጣውን፣ ከኋላቸውም ነጠላዋን ያዘቀዘቀች አንዲት እናት ሳይ ማንም መናገር አላስፈለገውም። እኛ ኢትዮጵያውያን መርዶ የምንነግረው በዚያ ሰዓት ነው። እነሱ ከእንቅልፌ ሊቀሰቅሱኝ አስበው መጡ፤ እኔ ግን ለብሼ ጠበቅኋቸው። አንዱ ወዳጄ በኋላ እንደ ነገረኝ፣ ጫማዬን ሲያይ «ማን ቀድሞን ነገረው?» ብሎ ነበር።

ቀብሩ እዚያው በማግስቱ ተፈጸመ። ትኬት ቆርጦ የሚደረስበት ነገር አይደለም፤ ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፣ ስንቶቻችሁ አይታችሁታል። ሦስት ቀን ቤቴ ተለቀሰ፣ ቤተ ክርስቲያን ፍትሐት ተደረገ፣ አርባውም ወጣ። ጠመንጃው ሣጥኑ ውስጥ ተቆለፈ። ያ የአደን ወራት አለፈ፣ ቀጣዩም አለፈ። ሐዘን ብቻ አልነበረም የያዘኝ። ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ላይ ስነቃ በሩ የሚንኳኳ ይመስለኝ ነበር። ጫማ ማሰር አቃተኝ።

ከዘመድ ወገን «አባትህን ቀብረህ ደግሞ ነፍስ ልታጠፋ ነው?» ያሉኝ እናት አሉ። ለክፋት አይደለም፤ ግን አልተዋጠልኝም። በቀድሞ ዘመን ጀግና ወይም አዳኝ ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጦሩና ጋሻው፣ ጠመንጃው ለልቅሶ ወጥቶ፣ በፉከራ አልነበረም እንዴ የሚለቀሰው? መሣሪያ በሐዘን ቀን አደባባይ የሚወጣ እንጂ የሚደበቅ ነገር አልነበረም። የእኔ አባት ጠመንጃ ግን ከእሳቸው አርባ ስድስት ዓመት ቀድሞ ሄዷል። ደብረ ዘይት ላይ ለልቅሶ የወጣው ፎቶግራፋቸው ብቻ ነበር።

በኅዳር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ፣ ሁለተኛ ሙት ዓመታቸው በተዘከረ በሳምንቱ፣ ጾመ ነቢያት ሳይገባ፣ ጓደኛዬን ደወልኩለት። ምንም አልጠየቀኝም፤ «ቦት ጫማህን ውኃ እንዳያስገባ እየው» ብቻ አለኝ። ሌሊት ተነሣሁ። በሩ አልተንኳኳም። ዐሥር ተኩል እስኪሆን ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ፣ ከዚያ ወጣሁ።

ጭቃው እንደ ድሮው እስከ ጉልበት ነው። የፕላስቲክ ዳክዬዎቻችንን ውኃው ላይ በትነን ሸምበቆ ሥር ተቀመጥን። ድልድዩ ላይ ወደ ሥራ የሚጣደፈው ሰው መብራት እንደ ቁጥር ዶቃ ተደርድሯል። የመጀመሪያው መንጋ ከራሳችን በላይ ሲያልፍ አልተኮስኩም። ሁለተኛውም አለፈ። ጓደኛዬ ሁለት መታ፤ ውሻው እየሮጠ አመጣለት። ከኮረብታው ጀርባ ሲቀላ አንድ አፈ አካፋ ብቻውን፣ ዝቅ ብሎ፣ በግራዬ በኩል መጣ። ተኮስኩ።

ክንፉን ነበር ያገኘሁት። ውሻው ሲያደርስልኝ ዓይኑ ይንቀሳቀሳል። የቆሰለን ወፍ ወዲያውኑ መግደል የዚህ አገር ሕግም ያዛል፤ ሌላው አዳኝ አንገቱን ጠምዝዞ ይጨርሰዋል። እኔ ቢላዋዬን አወጣሁ። ወደ ምሥራቅ ዞርኩ፤ ምሥራቁ የካስትሮ ቫሊ ኮረብታ ነው፣ ፀሐይ የምትወጣው ከእኛ ቤት በላይ ነው። «በስመ አብ» አልኩና ባረክሁት። የማይበላ ወፍ እንደማይባረክ አላጣሁትም። ቄስ ቢያየኝ ምን እንደሚል እገምታለሁ። እጄ የሚያውቀው ግን ይህን ብቻ ነው፤ ያስተማሩኝም እሳቸው ናቸው። ጓደኛዬ ባርኔጣውን አውልቆ እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ ወፉን ሰጠሁት።

ዕለቱን ሌላ አልተኮስኩም። ቤት ገብቼ፣ ጠመንጃውን ወልውዬና ቀብቼ ስጨርስ ረፋዱ አራት ሰዓት ነበር፤ አገር ቤት ከምሽቱ ሦስት ሰዓት መሆኑ ነው። ታናሽ እህቴ ዘንድ ደወልኩ፤ አባባን እስከ መጨረሻው ያስታመመች እሷ ናት።

«አደን ወጣሁ» አልኳት።

ዝም አለች። የተቆጣች መስሎኝ ነበር።

«ምን መታህ ጋሼ?»

«ያን የጨለለቃውን፣ አፈ ሰፊውን።»

«እህ!» አለች፣ ድምፅዋ ቁርጥ የአባባን መስሎ። «ማን ይበላዋል?»