ስድስቱና ወታደሮቹ

በፌብሩዋሪ 28 ቀን 1948 ዓ.ም. (እዚህ የሚጠቀሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የቀድሞ ወታደሮች ተሰልፈው በአክራ ከተማ ወደ እንግሊዛዊው አገረ ገዥ ግንብ አቀኑ። መሣሪያ አልያዙም፤ የያዙት አቤቱታቸው የሰፈረበትን ወረቀት ነበር። ለእንግሊዝ ዘውድ እስከ በርማ ዘምተው ሲመለሱ ቃል የተገባላቸው ሁሉ የቀረባቸው ሰዎች ናቸው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢም ፈጽሞ ባዕድ አይደሉም፤ የጎልድ ኮስት ብርጌድ በ1941 ዋደራ ላይ የፋሺስት ኢጣልያን ጦር ወግቷልና። በዚያ ዕለት አንድ እንግሊዛዊ የፖሊስ መኮንን በተኮሰው ጥይት ከሰልፈኞቹ ሦስቱ ወደቁ። ከተማይቱም ታወከች።

አገረ ገዥው ለሁከቱ ተጠያቂ ያደረጋቸው ስድስት ፖለቲከኞችን ነበር፤ ዳንኳን፣ ንክሩማን፣ አኮ አጄይን፣ ኦቤትሴቢ ላምፕቴን፣ አኩፎ አዶንና ኦፎሪ አታን። ስድስቱም ያለ ፍርድ ታሰሩ። ሕዝቡ «ታላላቆቹ ስድስት» ብሎ ሰየማቸው። ከእነርሱ አንጋፋው ጆሴፍ ዳንኳ የሕግ ባለሙያ ብቻ ሳይሆኑ ጸሐፌ ተውኔትም ነበሩ፤ በ1943 «ሦስተኛዋ ሴት» የተባለ ተውኔት አሳትመዋል። አገሪቱ ነፃ ስትወጣ የጥንቱን የጋናን ስም እንድትይዝ በብርቱ የተሟገቱትም እርሳቸው ናቸው። ወጣቱን ክዋሜ ንክሩማን ከለንደን አስጠርቶ የድርጅቱ ጸሐፊ ያሰኛቸው ደግሞ የአኮ አጄይ ምክር ነበር። ከዚህ በኋላ የሆነውን አንድ ደራሲ ፈጥሮ ለመድረክ ቢያቀርበው ተመልካች «አጋነነው» ብሎ በተቸው ነበር።

ጋና በማርች 6 ቀን 1957 ነፃ ወጣች። በዓመቱ፣ በ1958፣ ማንኛውንም ተጠርጣሪ ያለ ፍርድ እስከ አምስት ዓመት ለማሰር የሚያስችል ሕግ ወጣ። ባለሥልጣኑ ቅኝ ገዥው በእርሱ ላይ የዘጋውን በር ጠግኖ በሌላው ላይ ዘጋው ማለት ነው። የንክሩማ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም፤ በኦገስት 1962 ኩሉንጉጉ በተባለች መንደር ቦምብ ተወርውሮባቸው ለጥቂት ተርፈዋል። በዚህ ሳቢያ ከተከሰሱት አንዱ ግን ያው ያስጠሯቸው አኮ አጄይ ሆኑ። ፍርድ ቤቱ በ1963 ነፃ ቢላቸው ዋናው ዳኛ ከሥልጣናቸው ተነሡ፤ ጉዳዩ እንደገና ታየ፤ ሞት ተፈረደ፤ በኋላም ፍርዱ ወደ እስራት ተለወጠ። ኦቤትሴቢ ላምፕቴ በ1963 በእስር ላይ እንዳሉ አረፉ። በ1960 ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድረው የተሸነፉት ዳንኳም ሁለተኛ ጊዜ ታስረው፣ ከንሳዋም ወህኒ ቤት የእስራቸውን ክፋት ለፕሬዚዳንቱ በደብዳቤ ካመለከቱ በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 4 ቀን 1965 እዚያው ሞቱ። ጋና የሚለውን ስም አጥብቀው የተሟገቱለት ሰው በጋና እስር ቤት!

ያው መሪ ግን ትምህርት ቤት ያስፋፋ፣ የቴማን ወደብና የአኮሶምቦን ግድብ ያሠራ፣ በሜይ 1963 አዲስ አበባ ላይ ቆሞ ስለ አፍሪካ አንድነት እንደ እርሱ አጥብቆ የተናገረ ያልተገኘለት ሰው ነው። ይህን የማይጠቅስ ወቀሳ ሚዛን የሳተ ይሆናል። ችግሩ ሌላ ነው። በ1964 አገሪቱ የአንድ ፓርቲ አገር ትሁን ተብሎ ሕዝቡ ድምፅ ሲሰጥ ድጋፉ ከመቶ 99.91 ነው ተባለ። ይህን አኃዝ የሰማ መሪ ከዚያ በኋላ ከሕዝቡ ምን ሊሰማ ይችላል? «ተሳስተሃል» የሚለው አፍ ንሳዋም ነው ያለው።

በፌብሩዋሪ 24 ቀን 1966፣ ማለትም የሦስቱ ሰልፈኞች አሥራ ስምንተኛ ሙት ዓመት አራት ቀን ሲቀረው፣ ወታደሮች ዳግመኛ አክራ ገቡ። በዚህ ጊዜ የያዙት ወረቀት አልነበረም። ንክሩማ ወደ ሃኖይ ሲጓዙ ከሥልጣን መውረዳቸውን ፔኪንግ ላይ ሰሙ። የክብር ዘበኞቹ ለሰዓታት ከመታኮሳቸው በቀር ለመሪው የቆመ አልተገኘም። ያ ሁሉ አጨብጫቢ ወዴት ሄደ? በየመንገዱ ይጨፍር ነበር፤ ሐውልታቸውንም ከቆመበት አወረደው። በሕግ ሊያወርዳቸው የሚችል አንድ ሸንጎ ቢቀር ኖሮ ኮሎኔል ኮቶካና ሻለቃ አፍሪፋ ባላስፈለጉም ነበር።

አዲሱ የወታደሮችና የፖሊሶች ምክር ቤት የንክሩማን እስረኞች፣ አኮ አጄይንም ጭምር፣ ፈታ። ወዲያው ግን «ለጥበቃ» በሚል ስያሜ የንክሩማን ሚኒስትሮችና የፓርቲ ሰዎች ያለ ፍርድ አሰረ። አዪ ክዌ አርማ በ1968 ባሳተመው ልብ ወለድ ፍጻሜ ላይ፣ መንግሥት ከተገለበጠ በኋላ አንድ የአውቶቡስ ሾፌር ለኬላ ፖሊስ ጉቦ ሲያቀብል ይታያል። ከብዙ የፖለቲካ ትንተና ይልቅ ያቺ አጭር ትዕይንት ነገሩን ትገልጣለች።

ጠመንጃም እንደ ጉቦው ለማጅ አያጣም። ኮቶካ በ1967 በሌሎች መኮንኖች የግልበጣ ሙከራ ተገደሉ። በ1969 ሥልጣን ለተመረጠ መንግሥት ሲመለስ ከስድስቱ አንዱ አኩፎ አዶ በ1970 ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ ኦፎሪ አታም የሚኒስትርነት ወንበር ያዙ። ሁለቱንም በጃንዋሪ 1972 ኮሎኔል አቼምፖንግ ገለበጧቸው። አቼምፖንግን በ1978 ባልደረቦቻቸው፣ እነዚያን ደግሞ በጁን 1979 በሻምበል የአየር ኃይል መኮንን በጄሪ ሮሊንግስ የሚመሩ የበታች ወታደሮች አወረዷቸው። በዚያው ወር ሦስት የቀድሞ ርእሳነ መንግሥት በጥይት ተደበደቡ። ከሦስቱ አንዱ አፍሪፋ ነበሩ፤ የ1966ቱን ግልበጣ ትክክለኛነት ለማስረዳት መጽሐፍ የጻፉት አፍሪፋ። ሮሊንግስ በ1981 መጨረሻ ዳግመኛ ሥልጣን ያዙ፤ በ1992 አዲስ ሕገ መንግሥት እስኪጸድቅና ምርጫ እስኪካሄድ ድረስም አገሪቱ በወታደር ትእዛዝ ኖረች።

በ2007 ጋና አዲስ የገንዘብ ኖት ስታወጣ የስድስቱን ምስል አተመችበት። አሳሪው ንክሩማና ታሳሪው ዳንኳ፣ ሞት ተፈርዶባቸው የተረፉት አኮ አጄይ፣ በእስር ያረፉት ላምፕቴ፣ ወታደር የገለበጣቸው ሁለቱም በአንድ ወረቀት ላይ ናቸው። ገበያተኛው ቆጥሮ ይቀበላቸዋል፤ ቆጥሮም ያስረክባቸዋል።