የጃንሆይ ፎቶና የግንቦት ልደታ ንፍሮ

ሰሞኑን ልደታ ኮንዶሚኒየም የብሎካችንን ደረጃ ስወጣ የሚያስቆመኝ ሰው በዝቷል። ድሮ የሚያስቆመኝ ጉልበቴ ነበር፤ አሁን ጎረቤት ነው። «ጋሼ፣ ጃማይካ ሄዳችሁ ነበር አሉ። እውነት ነው?» እውነት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ጡረተኛና ከአገር ወጥታ የማታውቅ ባለቤቴ ካሪቢያን ባሕር ዳር ተጋድመን መጣን። ጉድ በል ጎንደር!

ነገሩ እንዲህ ነው። አትላንታ የምትኖረው ልጃችን «አርባኛ የጋብቻ ዓመታችሁን የማከብረው እኔ ነኝ» አለችን። እኛ ዶሮ ወጥ መስሎን ነበር። ለካ ቲኬት ቆርጣ፣ ቪዛ አስጨርሳ፣ ሞንቴጎ ቤይ በምትባል ከተማ ወጥ ቤት ያለው ማረፊያ ተከራይታልን ኖሯል። ባለቤቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «እዚያ አገር የእኛ ቤተ ክርስቲያን አለ?» ብላ ነው። አለ። ጃማይካ ላይ በ1970 እ.ኤ.አ. የተተከለ ነው፤ የተከሉትም በኋላ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባት ናቸው። ቦብ ማርሌይን ከመሞቱ በፊት፣ በ1980 እ.ኤ.አ.፣ አጥምቀው «ብርሃነ ሥላሴ» ያሉትም እሳቸው ናቸው። ይህን ስነግራት ሻንጣዋን መሸከፍ ጀመረች።

ስለ ባሕሩ ብዙ አልጽፍም። ሰማያዊ ነው፣ ሞቃት ነው፣ ጨው ጨው ይላል። ካላንደር ላይ ካያችሁት አይበልጥም፣ አያንስምም። የማይረሳኝ ሰዉ ነው።

ከአየር ማረፊያ የወሰደን ሾፌር ከየት እንደመጣን ጠየቀ። «ኢትዮጵያ» ስለው መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመና ወርዶ በሩን ከፍቶ አቀፈን። አንዲት ቡና ሻጭ ደግሞ ብሉ ማውንቴን የሚባለውን ውድ ቡናቸውን ስታስቀምሰን ባለቤቴ ፉት አለችና «የእኛው ልጅ ናት፤ ትንሽ ፈረንጅ ሆናለች እንጂ» አለች። አልተሳሳተችም። ቡና ወደ ደሴቲቱ የገባው በ1728 እ.ኤ.አ. በእንግሊዙ ገዥ በኩል ሲሆን ዘሩ ዞሮ ዞሮ የእኛው ነው። የእኔ እንግሊዝኛ ግን እዚያ አልሠራም። እነሱ ሲናገሩ ከአሥሩ ቃል ሦስቱን ብይዝ ነው። ጥቁር ሰሌዳ ፊት የቆምኩበት ዘመን ሁሉ አሳፈረኝ።

ከዚያ ሽማግሌውን አገኘናቸው። ባሕሩ አጠገብ እንጨት እየቀረጹ የሚሸጡ፣ ሰባውን ያለፉ፣ ሹርባቸው ነጭቶ ወገባቸው የደረሰ ራስተፈሪያን ናቸው። ለባለቤቴ እጅ ነሱና «ኢምፕረስ» አሏት፤ እቴጌ ማለታቸው ነው። ራስተፈሪያኖች ሴትን የሚያከብሩት እንዲህ ብለው ነው። ባለቤቴ በአርባ ዓመት ትዳር ከእኔ አፍ ሰምታው የማታውቀው ማዕረግ ነውና ደስ አላት።

በትርፍ ጊዜያቸው ሁሉ ስለ አንድ ቀን ያወራሉ፤ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም.። ጃንሆይ ኪንግስተን ያረፉበት ቀን ነው። ያን ጊዜ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከጠዋት ጀምሮ ሲዘንብ ቆይቶ አውሮፕላኑ ብቅ ሲል ዝናቡ ቀጥ አለ፤ ሕዝቡም አጥሩን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው ይላሉ። ጃንሆይ ከአውሮፕላኑ መውረድ አቅቷቸው ቆዩ፤ በመጨረሻ ሞርቲመር ፕላኖ የተባለ የራስተፈሪያኖች ሽማግሌ ወጥቶ፣ ሕዝቡን አረጋግቶ አወረዳቸው። ይህ በታሪክም የተመዘገበ ነው። «እናንተስ አይታችኋቸዋል?» አሉን።

እኔ አይቻለሁ። ልጅ ሳለሁ መኪናቸው ሲያልፍ መንገድ ዳር ተሰልፈን እጃችንን አውለብልበናል። ይህን ስነግራቸው እጄን ይዘው አለቀቁኝም። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞሩ። «እቴጌስ?»

ባለቤቴ የወሎ ልጅ ናት። ድምጿን ሳትቀይር «ንገራቸው» አለችኝ። «በስልሳ አምስት ሁለት ወንድሞቼ በረሃብ አልቀዋል። የእርስዎ ጌታ ያኔ ቤተ መንግሥት ነበሩ በላቸው።»

እኔ ምን ብዬ ተረጎምኩ መሰላችሁ? «ባለቤቴ የወሎ ሰው ናት። እቴጌ መነንም የአምባሰል ተወላጅ ነበሩ፤ ያገሯ ልጅ ናቸው» አልኩ። ውሸት የለበትም። ሽማግሌው ብድግ ብለው እጇን ሳሙ። ባለቤቴ አየችኝ። እንግሊዝኛ አትችልም፤ ግን ወንድሞቹ በረሃብ ያለቁበትን ሰው እንደዚያ እየሳቁ እንደማይስሙት ታውቃለች።

ማታ ራት አልቀመሰችም። ሲመሽ አንድ ነገር ብቻ ተናገረች፤ «አንተም ደበቅሃቸው።»

ይህ ቃል ገባኝ። የወሎ ረሃብ ተደብቆ ነው የከረመው። እኔ ያወቅሁት መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ነው፤ የዘመን መለወጫ ዕለት። የእንግሊዛዊው ጋዜጠኛ የዲምብልቢ ፊልም ከቤተ መንግሥት ድግስ ጋር እየተቀላቀለ በቴሌቪዥን ታየ። በማግስቱ ጃንሆይ በቮልስዋገን ተወሰዱ። እኔ ፊልም ያየሁትን ነገር እሷ ቀብራዋለች። ያም ሆኖ ለሽማግሌው ደስታ ብዬ እሷን ጸጥ አሰኘኋት።

በማግስቱ ግንቦት 1 ነበር፤ የልደታ። በቀድሞው ሰፈራችን፣ ቤቶቹ ሳይፈርሱ፣ ጎረቤት ሁሉ ደጅ ወጥቶ ንፍሮ ይቀቅል ነበር። ባለቤቴ ገበያ ወጥታ ቦሎቄና በቆሎ ገዛች፤ ጃማይካኖች ቦሎቄውን ከሩዝ ጋር በኮኮናት ወተት ይሠሩታል። እሷ እንደ ደንቡ ቀቀለችውና ሳህን ይዛ «ተነስ፣ አሁን በትክክል ታስተረጉማለህ» አለችኝ።

ተረጎምኩ፤ ቃል በቃል። ሽማግሌው እጃቸው ላይ ያለውን ንፍሮ ሳይበሉ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ እንዲህ አሉ፤ «እኔ የቅድመ አያቶቼን ስም አላውቅም። ከየት መንደር ተይዘው እንደተሸጡም አላውቅም። ለማላውቀው አገር የማውቀው ፊት ያስፈልገኝ ነበር፤ ያገኘሁት የእሳቸውን ነው። ንጉሤ ንጉሤ ናቸው። የወንድሞችሽ ስም ግን ማን ይባላል?»

ነገረቻቸው። ሽማግሌው ሁለቱን ስሞች እየደጋገሙ ጠሩ። «ጨ» አስቸግራቸው እየሳቁ እንደገና ሞከሩ፤ እሷም እየሳቀች አረመቻቸው። እኔ ዝም ብዬ ቆምኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በአርባ ዓመት ትዳር የታናሽየውን ስም የሰማሁት ያን ቀን ነው። ጠይቄያት አላውቅም።

ከዚያ ስለ ሻሸመኔ አወራን። በ1940 ዓ.ም. ጃንሆይ ለጥቁር ሕዝቦች የሰጡትን አምስት ጋሻ መሬት፣ በ1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን ሲወርስ እሱም አብሮ እንደተወረሰ፣ በ2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ መንግሥት እዚያ ለሚኖሩት መታወቂያ ሊሰጥ መወሰኑን ነገርኳቸው። ጓደኛቸው በወጣትነቱ ሄዶ እዚያው ቀርቷል። እሳቸው የመሄጃ ገንዘብ ሳይሞላላቸው አረጁ። «ልጃችሁ ግን ከዚያ አገር ለምን ወጣች?» ብለው ጠየቁኝ። ዲቪ የሚባለውን ነገር ለማስረዳት ሞከርኩ። የሚጸልዩለትን አገር ዕጣ ወጥቶለት ይለቃል ብዬ እንዴት ላስረዳ? ተውኩት።

ስንለያይ የጃንሆይ ምስል የታተመበት ትልቅ ጨርቅ ሰጡን። ገንዘብ እንቢ አሉ።

ቤታችን ከገባን በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ያለው ወጣት መጥቶ ቡና ጠጣ። ስለ ባሕሩ አልጠየቀም፤ ስለ ሰዎቹም አልጠየቀም። «ጋሼ፣ ከጃማይካ ወደ አሜሪካ መሻገር ይቻላል?» አለኝ። አልቆጣሁትም፤ የእኔም ልጅ ያለችው እዚያው ነው።

ጨርቁን ግን የት እንስቀለው? ግድግዳው ላይ ለክቼ ምስማር ፈለግሁ። ባለቤቴ ከእጄ ወሰደችው። «ሽማግሌው በፍቅር የሰጡኝ ነው፤ አልጥለውም» አለች። «ወንድሞቼ ግን አንድ ፎቶ እንኳ የላቸውም። እነሱ የሌሉበት ግድግዳ ላይ እሳቸውን ለብቻቸው አልሰቅልም።» አጥፋ ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከነጠላዋ ሥር አስቀመጠችው።

ለሚመጣው ግንቦት ልደታ የብሎካችን ሰዎች ታች ግቢው ውስጥ ንፍሮ ሊቀቅሉ ተነጋግረዋል። ባለቤቴ ስለ ሁለቱ ልጆች እነግራቸዋለሁ ብላለች። እዚህ አስተርጓሚ አያስፈልጋትም።